በጥንት ካርታዎች ላይ ታይተው የጠፉ ሐይቆች

በጥንት ካርታዎች ላይ በጉልህ ተስለው ዛሬ በቦታቸው የማይገኙ ሐይቆች ብዙ ጊዜ የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ ተደርገው ይቀርባሉ። ይሁን እንጂ አንድ ሐይቅ ከካርታ የሚጠፋው ዝናብ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ገባሪ ወንዙ አቅጣጫ ቀይሮ፣ ሰው ውሃውን ለመስኖ ጠልፎ፣ ወይም ሐይቁ ከመጀመሪያውም በወሬ ብቻ ተስሎ ሊሆን ይችላል።

በወሬ ከተሳሉት የታወቀው የፓሪማ ሐይቅ ነው። እንግሊዛዊው ዋልተር ራሌይ በ1595 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ጊያና ከተጓዘ በኋላ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች በዚያ ምድር፣ በዳርቻው የወርቅ ከተማ ያለችበትን ሰፊ ሐይቅ ይስሉ ጀመር፤ ሥዕሉም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ከአንዱ ካርታ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖረ። ጀርመናዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1800 ገደማ አካባቢውን ከጎበኘ በኋላ የወሬው ምንጭ በክረምት በጎርፍ የሚሸፈን ሜዳ እንደሆነ አስረዳ።

የሎፕ ኖር ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በምዕራብ ቻይና የታሪም ወንዝ የሚያበቃበትን ይህን ሐይቅ ፍለጋ የሄደው ሩሲያዊው ኒኮላይ ፕርዠቫልስኪ በ1870ዎቹ ያገኘው ሐይቅ፣ የቻይና ካርታዎች ከሚያመለክቱት ቦታ በስተደቡብ ርቆ የሚገኝና ውሃው ጨው የሌለበት ነበር። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ፎን ሪሽትሆፈን መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ መሆን እንዳለበት ጠቅሶ ግኝቱን ተቃወመ። ስዊድናዊው ስቬን ሄዲን በ1900 ገደማ በሰሜን በኩል የደረቀውን የሐይቅ ወለል መረመረና፣ ወንዙ አዲሱን ማረፊያ ሐይቁን በደለል ሲሞላ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ተነበየ፤ በ1921 ወንዙ በእርግጥም ወደ ሰሜን ተመለሰ። በስሕተት የተጠረጠሩት የቻይና ካርታዎች ትክክል ሆነው ተገኙ። ሎፕ ኖርን ኋላ ላይ ፈጽሞ ያደረቁት ግድብና መስኖ ናቸው።

በአየር ንብረት ለውጥ ከጠፉት ወይም ከጠበቡት ታላላቅ ሐይቆች ብዙዎቹ ግን በየትኛውም ካርታ ላይ አልሰፈሩም። ሰሐራ አረንጓዴ በነበረበት ዘመን የቻድ ሐይቅ ከ300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። የምድር ዘንግ አዝጋሚ ዙረት የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለ ፀሐይ እያዳከመ ሲሄድ፣ ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ የሚያመጣው ዝናብ ወደ ደቡብ አፈገፈገ፤ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊትም፣ ካርታ የሚስል ሰው ሳይደርስበት፣ ሐይቁ እጅግ ጠበበ። የቀድሞ ስፋቱ የታወቀው ከአሸዋ በተሠሩ አሮጌ ዳርቻዎቹና ዳያቶም ከሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች ቅሪት ነው፤ በቻድ አገር በሚገኘው በቦዴሌ ረባዳ ምድር የተከማቸውን ይህን ነጭ ቅሪት ነፋስ ዛሬም እየጠረገ በአቧራ መልክ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያደርሰዋል።