ሜትፎርሚን ለአንጎል እርጅና፦ ነገሩ ምንድን ነው?

ሜትፎርሚን ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዝ ኪኒን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕሙማን መስጠቱን ያሳወቀው በ1957 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች በጣም ያነሰ ነው። አዲሱ ነገር ስኳር የሌለባቸው ሰዎችም «አንጎልን ከእርጅና ይጠብቃል» ብለው መፈለግ መጀመራቸው ነው። ሐሳቡ ከባዶ የመነጨ አይደለም። ነገር ግን ወሬው ምርምሩን ቀድሞ ሄዷል፤ ሐዋሳም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ስኳር የሌለበት ሰው ለአንጎሉ ብሎ ይህን ኪኒን እንዲጀምር የሚያበቃ ማስረጃ እስካሁን የለም።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ገደማ ይበላል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ለአንጎል ደም የሚያደርሱ ቀጫጭን ሥሮች ይጎዳሉ፤ ሴሎችም የኢንሱሊንን መልእክት በአግባቡ መቀበል ያቅታቸዋል። የስኳር በሽታ የመርሳት በሽታን ዕድል የሚጨምረው በዋናነት በእነዚህ መንገዶች ነው። ሜትፎርሚን ጉበት ስኳር ማምረቱን ይቀንሳል። በሴል ውስጥ ደግሞ ኃይል የሚመረትባቸውን ማይቶኮንድሪያ በመጠኑ ይገታል፤ ሴሉም ኃይል እንዳነሰው ቆጥሮ ኤ ኤም ፒ ኬ የሚባለውን ኤንዛይም ያነቃል። ያን ጊዜ ሴሉ አዲስ ነገር መገንባቱን ቀነስ አድርጎ ወደ ቁጠባና ወደ ጥገና ያዘነብላል፤ ያረጁ ክፍሎቹንም እየፈታ ይጠቀምባቸዋል። የእርጅና ተመራማሪዎችን የሳበው ይህ የጥገና ሥራ ነው።

ወሬውን ያናፈሰው በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የቻይና ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ያረጁ ወንድ ጦጣዎች ለ40 ወራት ሜትፎርሚን ተሰጣቸው፤ በሴልና በጂን ልኬቶች ሲታይ የአንጎላቸው እርጅና በ6 ዓመት ገደማ ወደኋላ የተመለሰ መሰለ። ውጤቱ በእውነት ያጓጓል። ግን እንስሳቱ ጥቂት ነበሩ፣ ሴት አልነበረባቸውም፣ «6 ዓመት» የተባለውም የላቦራቶሪ ስሌት እንጂ በሰው ላይ የታየ የማስታወስ ለውጥ አይደለም።

በሰው ላይ ያለው ታሪክ ወዲያና ወዲህ የሚል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታንያ ጥናት ሜትፎርሚን የሚወስዱ ስኳር ሕሙማን ስኳር ከሌለባቸው እኩዮቻቸው እንኳ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ አሳየ፤ በ2022 በዴንማርክ መረጃ ሲፈተሽ ግን ብልጫው አልተገኘም። እንዲህ ያለ ጥናት የሚያሳስትበት ምክንያት አለ፦ ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስደው በሽታው ገና ያልጠናበት ሰው ነው፤ የባሰበት ወደ ሌላ መድኃኒት ሲዛወር ከቆጠራው ይወጣል፤ የቀሩት ጤነኞች ደግሞ መድኃኒቱን ያስመሰግኑታል። ጥያቄውን የሚዘጋው በዕጣ ተከፍሎ የሚደረግ ሙከራ ነው። ቴም የተባለው ዕቅድ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 79 የሆነ 3,000 ስኳር የሌለባቸው ሰዎችን ለመከታተል የተነደፈ ቢሆንም ለዓመታት በገንዘብ እጥረት ሲጓተት ቆይቷል።

ስለ አዲሶቹ የስኳር መርፌዎችም ተመሳሳይ ተስፋ ነበረ። ኦዜምፒክ በሚል ስም የሚታወቀው ሴማግሉታይድ በኪኒን መልክ 3,800 ገደማ ጀማሪ የአልዛይመር ሕሙማን በተሳተፉባቸው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈተነ። ውጤቱ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሲገለጥ መድኃኒቱ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳላዘገየ ታወቀ። የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት የሆነው ኤክሰናታይድም በፓርኪንሰን (የመንቀጥቀጥ በሽታ) ሕሙማን ላይ ሳይሳካለት ቀርቷል። ከተጀመረ በሽታ ይልቅ አስቀድሞ በመከላከል ይሠሩ ይሆን የሚለው ክፍት ነው፤ እስከዚያ ግን በሻንጣ ከውጭ የመጣ መርፌ ለማስታወስ ብሎ መወጋት አይገባም። መድኃኒቱ የሚወጋበት እስክሪብቶ መሰል ዕቃ፣ ማለትም ብዕሩ፣ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በጉዞና በሐዋሳ ሙቀት የሰነበተ ብዕር ምን ያህል ኃይል እንደቀረው በዓይን አይለይም።

ስኳር ላለበት ሰው ግን ነገሩ ይለያል። መድኃኒቱን በትክክል መውሰድ ራሱ ለአንጎል ጥበቃ ነው፤ በስህተት መውሰድም አንጎልን ይጎዳል። ትልቁ አደጋ የስኳር መውረድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን አውርዶ ሰው አይጥልም ማለት ይቻላል፤ አብሮት የሚታዘዘው ግሊቤንክላማይድ የተባለ ሌላ የስኳር ኪኒንና ኢንሱሊን ግን ያወርዳሉ። አንድ አረጋዊ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙ፣ ወይም በረመዳን መጠኑ ሳይስተካከል ቢቀጥሉ፣ ስኳራቸው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ሊወርድ ይችላል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። በወጣት ላይ ላብና መንቀጥቀጥ ያስታውቃል፤ በአረጋዊ ላይ ግን መዘባረቅ፣ ስም መርሳት፣ መፍዘዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብም «አባባ ዘነጉ» ብሎ ያልፈዋል። ከባድ የስኳር መውረድ ከደጋገመ በኋላ የመርሳት በሽታ ይበልጥ እንደሚታይ ተመዝግቧል። ስለዚህ ድንገት የተዘባረቀ ስኳር ሕመምተኛ በመጀመሪያ ጣቱ ተወግቶ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ሲስተካከል ምግብ መስጠት ነው። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ጾም ከመግባቱ በፊትም መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መቀየር ያስፈልጋል፤ በራስ ማቋረጥም ሌላ አደጋ ነው።

ሁለተኛው አደጋ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው፤ ከሁሉ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ሜትፎርሚን አንጀት ቢ12ን እንዳይቀበል ያደርጋል፤ መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲረዝሙ እጥረቱ ይከተላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ቆጮ፣ ጎመንና ሽሮ የላቸውም። ጾም የሚያበዙ፣ ለዓመታት ሜትፎርሚን የሚወስዱ አዛውንት በሁለት በኩል ይጎዳሉ ማለት ነው፤ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ለሚመገበው ሰው ጥሩ ምንጭ ነው። እጥረቱ መርሳትን፣ ድብርትን፣ የእግር መደንዘዝንና ማቃጠልን ያመጣል። እግሩ ላይ ያለው ስሜት ከስኳር የነርቭ ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰል «ስኳሩ ነው» ተብሎ ይቀራል፤ ደም ማነስ አለመኖሩም እጥረት የለም ማለት አይደለም። ሜትፎርሚን ከአራት ዓመት በላይ የወሰደ ሰው የቢ12 መጠኑን ማስመርመር አለበት። እጥረት ከተገኘ በመርፌ ወይም በ1,000 ማይክሮግራም ኪኒን ይታከማል፤ ቶሎ ከተያዘ የማስታወሱ ችግርም ሊመለስ ይችላል።

የሜትፎርሚን አጀማመር ቀላል ነው፦ 500 ሚሊግራም ከእራት ጋር፣ ከዚያ በየሳምንቱ ቀስ እያለ መጨመር፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 2,000 ሚሊግራም በቀን። በባዶ ሆድ ወይም ቶሎ ከተጨመረ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፤ ብዙዎች መድኃኒቱን የሚተዉት በዚህ ነው። ኩላሊት የማጣራት አቅሙ (በደም ምርመራ የሚሰላው eGFR) ከ30 በታች ከወረደ አይወሰድም፤ ከዚያ በፊት መጠኑ ይቀነሳል። ከባድ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዝ ለጥቂት ቀን ማቆሙን ሐኪም ይወስን፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊት ስለሚደክም አሲድ በደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። አረቄ የሚያዘወትር ሰውም ለዚሁ አደጋ ቅርብ ነው።

ስኳር የሌለበት ጎልማሳ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ሙከራ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ክብደት በማንሣት ሲለማመዱ ሜትፎርሚን የወሰዱት የጡንቻ እድገታቸው ካልወሰዱት ያነሰ ነበር። ማስታወስ የቀነሰበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዞ ይሂድ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ቢ12፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ኩላሊትና የመስማት አቅም እንዲታዩለትም ይጠይቅ።