በድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ የአእምሮ ሕመምና ሱስ የሚያስከትሉት መገለል

የአምቡላንስ ፓራሜዲኮች፣ የድንገተኛ ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች የሰው ሕመም ሲያክሙ ውለው የራሳቸውን «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይይዙታል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ ብዙም የማይነገርለት ግን መገለሉን የሚማሩት እዚያው በሽተኛው አጠገብ መሆኑ ነው። ብዙ መድኃኒት ወስዶ ራሱን ለሳተ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ጥሪ ሲመጣ ሾፌሩ አድራሻውን ሰምቶ «ደሞ እሱ ነው!» ይላል፤ ሌላውም ይስቃል። የእነ ሞርፊንን ጉልበት የሚሽረው መድኃኒት ናሎክሶን ይሰጠዋል፣ ትንፋሹ ይመለሳል፤ ሥራው በወጉ ተሠርቷል። አብራቸው ያለችው ባልደረባ ግን ከአዳር ስትገባ ሳትጠጣ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለ በሽተኛው የተባለውን ስለ ራሷ አድርጋ ሰምታዋለች።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ከአምቡላንስ ሠራተኞች 11 በመቶ ያህሉ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም (ፒቲኤስዲ)፣ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ ድብርት እንዳለባቸው ገምቷል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፒቲኤስዲን በመመሪያው ያካተተው በ1980 ነው። የ2013 እትሙ አደጋው የደረሰበት ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በሥራው ምክንያት አሰቃቂ ነገር ደጋግሞ የሚገጥመውም ሊታመም እንደሚችል አሰፈረ፤ በምሳሌነት የጠቀሰውም አደጋ ቦታ ቀድመው ደርሰው የሰው አካል ቅሪት የሚሰበስቡ ሠራተኞችን ነው።

ዝምታውን ድፍረት ማጣት ብቻ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የሥራ ፈቃድ ሲታደስ «ለአእምሮ ሕመም ታክመህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ በሚቀርብበት ቦታ፣ መታከም ራሱ እንጀራን ማስያዝ ይሆናል። የኒው ዮርኳ የድንገተኛ ሐኪም ሎርና ብሪን በ2020 ራሷን ካጠፋች በኋላ ጉዳዩ በአደባባይ ተነሣ፤ በስሟ የተጠራው የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ጥበቃ ሕግም በ2022 ጸደቀ።

ሱስ ከዚህም ይብሳል። ፒቲኤስዲ እንደ ሥራ ቁስል መታየት ጀምሯል፤ ለምሳሌ የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2016 ባወጣችው ሕግ የፓራሜዲክ ፒቲኤስዲ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር ከሥራ የመጣ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሱስ ግን እዚያ ውስጥ የለም፤ በብዙዎች ዓይን አሁንም የግል ጥፋት ነው። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ሱስ የሚያስይዙት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ሞርፊንና ፌንታኒል፣ የተቆለፉበት ሣጥን ቁልፍ በባለሙያው እጅ መሆኑ ነው። የተሰበረው የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የተረፈውና የተደፋው መጠን በሁለት ሰው ፊርማ የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ፊርማው ግን አንዳንዴ ሳያዩ ለባልደረባ የሚደረግ ውለታ ይሆናል።

መፍትሔ ተብለው የተሞከሩትም ሁሉ አልሠሩም። አሜሪካዊው ጄፍሪ ሚቸል በ1983 ያስተዋወቀው፣ ከከባድ ጥሪ በኋላ ቡድኑን ሰብስቦ የማወያየት ዘዴ በብዙ አገር ተስፋፍቶ ነበር። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ግን በ2002 የአንድ ጊዜ ውይይት ፒቲኤስዲን እንደሚከላከል ማስረጃ አላገኘም። ዛሬ ብዙ ተቋማት የሚያዘነብሉት ወደ ሠለጠኑ ባልደረቦች ነው። ሥራቸው ማከም ሳይሆን ማዳመጥና ወደ ሐኪም ማድረስ ነው፤ ወሬውም መኪና እየታጠበ፣ ያለ ማስታወሻ ይሄዳል። የተነገራቸውን ይደብቃሉ፤ ባልደረባው ከሣጥኑ ለራሱ እየወሰደ በሽተኛ የሚያክም ከሆነ ግን መደበቅ አይችሉም። ይህንንም ወሬው ሳይጀመር መንገር አለባቸው፤ ብዙው ሰው ዝም የሚለውም እዚያ ላይ ነው።