«ዝም ብላችሁ እዩ!»፦ ስለ ድራማ ተመልካች የሚባለውና እውነታው

ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ማታ ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ በር ያዘጋል፤ እናቴ፣ አክስቴ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ የእህቴ ልጆችና እኔ ረከቦቱን ከበን እንጠጋጋለን። አቦል ሲቀዳ የድራማው መግቢያ ሙዚቃ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጸጥ ብሎ አያውቅም። «ኧረ አንች ልጅ፣ አትክፈችለት!» «ውይ በሞትሁ፣ ሰማቻቸው!» «እሰይ! ይበለው!»

ባለፈው ዓመት ከሌላ ከተማ የመጣ ዘመዳችን አንድ ክፍል አብሮን አይቶ ሲያበቃ «እናንተ ቤት ድራማ አይታይም፤ ይጮኽበታል እንጂ» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔ ግን የአማርኛ አስተማሪ ነኝና፣ ሰው ታሪክ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ማየት ሥራዬ ነው፤ ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ተመልካች በየመሐሉ ስለሚወረውራት ቃል ሰው የሚለውን ልብ ብዬ መስማት ጀመርሁ። አብዛኛው ስሕተት ሆኖ አገኘሁት።

«እያየ የሚያወራ ሰው አይከታተልም»

ይኸኛው ከሁሉ ይከነክነኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ተረት እንዴት እንደሚጀመር አስታውሱ። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ካላለ ተረቱ ከቦታው አይነሣም። አዝማሪ ባለበት ደግሞ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያችኑ ስንኝ በማሲንቆ አዚሞ ይመልሳታል። ግጥሙ የማን ነው ቢባል የሁለቱም ነው። ጎጃም የዲማ፣ የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት ሰሙና ወርቁ ሲገጥም «ይበል!» ይባላል እንጂ ዝም አይባልም። እዚያ ዝምታ የሚሰማው ቅኔው ሳይጥም የቀረ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ታሪክ ሲነገረው አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ መጠበቅ ያደገበትን አለማወቅ ነው።

ደግሞ መቼ እንደሚያወሩ ልብ በሉ። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ትቼ እናቴን ሳይ ሰነበትሁ። ሙዚቃ ብቻ ሲሆን ታወራለች። ሰውዬው ከመኪና ወርዶ ደረጃ ሲወጣ ታወራለች። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ድምፃቸው ዝቅ ሲል ግን እጇን ታነሣለች፤ ያኔ ስኒ እንኳ አይነካም። ቤቱ የሚጮኸው ታሪኩ ትንፋሽ በሰጠው ቦታ ነው።

አንድ ማታ «ይች ሴትዮ ደብዳቤውን ቀድማ አንብባዋለች» አለች። ማንም ሰሚ አልሰጣት። ሁለት ክፍል ቆይቶ እንዳለችው ሆነ። እንዴት አወቅሽ ብላት «ስትቀበለው እጇ አልቸኮለም። ምን እንዳለበት የማያውቅ ሰው እኮ ፖስታውን ይቦጭቀዋል» አለችኝ። እኔ ያን ትዕይንት አይቼዋለሁ፤ እጇን ግን አላየሁትም። ዝም ብዬ ነበር የማየው።

ስልኩን እየነካካ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራውን ልጅ አልጨምርም፤ እሱ በእርግጥ ያመልጠዋል። ስለ ታሪኩ ማውራትና ታሪኩ እየታየ ሌላ ወሬ ማውራት ለየቅል ናቸው።

«ገጸ ባሕርይ የሚሳደብ ሰው ልብ ወለዱን ከእውነቱ አይለይም»

አክስቴ ክፉውን ሰውዬ «እግርህ ይሰበር!» ትለዋለች። ከልቧ ነው። ክፍሉ አልቆ ስሞች ሲወርዱ ደግሞ «ይኸ ልጅ ግን እንዴት ይጫወታል! እንዲህ ሰው እስኪጠላህ ድረስ መክፋት ቀላል እንዳይመስልህ» ትለኛለች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም አለች፤ አንዱ አንዱን አላፈረሰውም።

ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ስለዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። ተመልካች በማሳያው ላይ ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን፣ ከአንድ ወገን ብቻ የሆነ ቅርርብ ለይተው ስም ሰጡት። በሽታ ነው አላሉም። ሰው ከሰው ጋር ለመኖር የሚጠቀምበት ያው ስሜት፣ ያው ፍርድ፣ ያው ርኅራኄ ነው ወደዚያ የሚሻገረው።

ለእኛ ግን ከአሜሪካ የቀረበ ምስክር አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። አባቴ ሲነግረን፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ሰዓቱ ሲደርስ መቀመጫ አይገኝም ነበር። ለበዛብህ ያለቀሱት ሰዎች ማንኩሳንም ዲማንም በእግራቸው የሚያውቁ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻን ረግመዋል፤ ለሰብለ ወንጌል እንደ ልጃቸው አዝነዋል። ደራሲው የአገራቸው ሰው መሆኑን፣ ታሪኩ የእሳቸው ድርሰት መሆኑን ደግሞ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። ማልቀሳቸውና ማወቃቸው አብሮ ኖሯል።

ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተን ተዋናይ መንገድ ላይ አግኝቶ መዝለፍ ግን ነውር ነው። ያን የሚያደርግ ሰው አለ፤ ለእሱ አልከራከርም። ቤቷ ተቀምጣ «እግርህ ይሰበር» ያለችውን ሴት ከእሱ ጋር አንድ ማድረግ ነው ስሕተቱ።

«የውጭ ድራማ የሚያይ ሰው የውጭውን ኑሮ እንዳለ ይውጣል»

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ክርክሩ ብርቱ ነበር። የአገራችን የኪነ ጥበብ ሰዎች ያነሡት የሥራና የገበያ ሥጋት ተገቢ ነው፤ የአገር ውስጥ ድራማ ተመልካችና ማስታወቂያ ካጣ ይሞታል። ከዚያ ጋር ተያይዞ የተነገረው ሌላው ነገር ግን፣ ተመልካቹ ባሕሉን ጥሎ ያየውን ይገለብጣል የሚለው፣ ተመልካቹን ባዶ እንስራ አድርጎ የሚቆጥር ነው።

ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትዝ የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ እስራኤል ውስጥ በየቤቱ ከሚያዩ ሰዎች ጋር ተቀመጡ፤ አረቦች፣ ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ፣ ከሩሲያ በቅርቡ የገቡ፣ በኪቡትዝ (በጋራ በሚታረስ የእስራኤል መንደር) የሚኖሩ። ለማወዳደሪያም ሎስ አንጀለስ ያሉ አሜሪካውያንን ጨመሩ። ክፍሉ ሲያልቅ «ምን ሆነ? ንገሩን» አሏቸው። አረቦቹና ሞሮኮዎቹ የቤተሰቡን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ተረኩ። ሩሲያውያኑ ከታሪኩ ይልቅ «ሊነግሩን የፈለጉት ምንድን ነው?» ብለው መልእክቱን መረመሩ። አሜሪካውያኑና የኪቡትዝ ሰዎች ስለ ገጸ ባሕርያቱ ጠባይ አወሩ። ያዩት አንድ ነው፤ ይዘው የወጡት የየራሳቸውን ነው።

እኛ ቤት ይኸን በየማታው አየዋለሁ። የቱርክ ድራማ ላይ አማትና ምራት ሲጣሉ፣ ነገሩ ሠላሳ ክፍል ሲጎተት፣ ጎረቤታችን እማማ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም?» ሌላዋ ትቀበላለች፦ «የነፍስ አባትስ?» ሰዎቹ እስላም ናቸው ስንላት «ታዲያ ሼኻቸውስ የት ሄዱ?» ብላ ትመልሳለች። አንድ ሀብታም አባት ድርጅቱን ለታላቁ ወንድ ልጅ ብቻ የሰጠ ዕለት ደግሞ ቡናው በረካ እስኪደርስ የተወራው ስለ ርስት ነበር። በጎጃም የቀድሞ ልማድ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ የሴት ልጅ ዘርም ድርሻዬን ብሎ ይሟገት ነበር። እማማ የሰውዬውን ቪላና መኪና ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። «ሴቷን ልጅ ምነው በስሟ እንኳ ሳያነሷት ቀሩ?» አሉ። ድራማው ያን ጥያቄ አንድም ጊዜ አላነሣውም።

«‹ምነው እዚህ ላይ ቆረጡት!› የሚል ሰው ትዕግሥት የለውም»

ተመልካቹ እዚህ ላይ ከተቺው ይልቅ ትክክል ነው። የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአገሩ ሲታይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል። ለውጭ ሲሸጥ ግን ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረጠ ይከፋፈላል። ስለዚህ እኛ የክፍል መጨረሻ ብለን የምናየው ብዙ ጊዜ ደራሲውና አዘጋጁ መጨረሻ ብለው ያልሠሩት ቦታ ነው። ሰውዬው አንድ ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ ሙዚቃው የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ ይኸን ማንም አልነገራትም፤ «ይኸ የተቆረጠ እንጂ ያለቀ አይደለም» የምትለው ግን ከጀመረች ዓመታት ሆኗታል። ለአገር ውስጥ ድራማ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ እዚያ ልብ ሲንጠለጠል «አይ ይኸ ደራሲ፣ ደግ አድርጎ ሰቀላት!» ነው የምትለው።

ሆን ተብሎ የሚሰቀል አለና። «ዳላስ» ላይ ጄ.አር. የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1980 በጥይት ተመታ፤ ማን እንደተኮሰ የተገለጠው ኅዳር ላይ ነው። ያን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ወደ 83 ሚሊዮን ሰው አየው። ሰሚን አንጠልጥሎ ማሳደር ጥበብ ነው፤ በመቀስ መቁረጥ ሌላ ነው፤ ተመልካች ሁለቱን ይለያል።

ዝናብ ሲጥል «ጣቢያው ቆረጠው» ብሎ መቆጣትም አለ፤ እዚህ ላይ ግን ጣቢያው ንጹሕ ነው። የቤታችን ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። የሐምሌ ዶፍ ሲያባራ ምስሉ ራሱ ይመለሳል፤ ዲሹን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማዞር ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅምም።

«መጨረሻውን የነገረ ድራማውን ገደለው»

ሁልጊዜ አይደለም። ሊቪትና ክሪስተንፌልድ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለሰዎች አስነበቡ፤ መጨረሻውን ቀድመው የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ይበልጥ ወደውት ተገኙ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ተቃራኒውን ስላገኙ ነገሩ ተቋጭቷል አልልም። እኔ እንደማየው ነገሩ እንደየሰዉ ይለያያል፦ አክስቴ መጨረሻውን ካወቀች በኋላ ይበልጥ ተረጋግታ «እንዴት ደረሱበት?» እያለች ታያለች፤ የእህቴ ልጅ ግን ቀድመው ከነገሩት ተነሥቶ ይወጣል። ሳይጠይቁ አለመንገር ይሻላል፤ ተነግሮ ከተገኘ ግን ቤት አይፈርስም።

«ማልቀስ የሴቶች ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ከላይ ያልሁት ሬዲዮ ዙሪያ የተቀመጡት ግማሾቹ ወንዶች ነበሩ፤ አባቴ አንዱ ነው።

«የተመልካች ቃል አየር ላይ ይቀራል»

ለተተረጎመ ድራማ እውነት ነው። እኛ «አትሂጅ!» ስንላት ልጅቷ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፤ ቀረጻው ኢስታንቡል ውስጥ አልቆ ተዘግቷል። ለአገር ውስጥ ሥራ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 «የቀን ቅኝት» የተባለ የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍሎች ተላልፎ ነበር፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ሕዝቡን ለማነጋገር የተሠራ ነው። ከአድማጮች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎረፈ። እነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ የነበረው ያው «ኧረ እንዲህ አታድርጊ፣ ኧረ ምከሯት» ነው፤ በቀለም ተጻፈ እንጂ። አዘጋጆች ታሪካቸው ሰው ልብ መድረሱን ያወቁት በዚያ ነው። ደራሲ የሚሆን ልጅ ምክር ቢጠይቀኝ፣ ሥራው በሚታይበት ማታ እንደ እናቴ ያለ ቤት በር ላይ ቆሞ እንዲሰማ እመክረዋለሁ።

«መብራት ከጠፋ ያ ክፍል ጠፋ»

ባለፈው ክረምት ነው። ልጅቷ ከዓመታት በኋላ የአባቷን ቤት አንኳኳች፤ መዝጊያው ገርበብ ሲል መብራት ሄደ። እናቴ ሻማ ለኮሰች። አክስቴ «አባቷ ነው የሚከፍተው፤ አያስገባትም» አለች። እማማ «እናት እያለች? እናቷ ናት፤ ስታያት ትወድቃለች» አሉ። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ደግሞ «ሌላ ሰው ነው፤ ቤቱን ሸጠውታል» አለ፤ ለካ ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ የማያውቀው መኪና አይቶ ኖሯል። ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ተጠጣ፤ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን በር ከፈተ።

በማግሥቱ መብራት ያልጠፋበት ሰፈር የምትኖር ዘመዳችን መጥታ ነገረችን። የከፈተላት ወንድሟ ነው። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «የወንድሟን ነገር እኮ ረሳነው» አለች። «አባትዬው ሆስፒታል ሊገባ ሲል ቁልፉን ለማን ሰጠ?»

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ለእሱ። እንዲያውም ያን ጊዜ ‹ቁልፉን ምነው ለዚህ?› ብዬ ነበር፤ አልሰማችሁኝም።»