ቤዝ ሳይረግጥ ያለፈ ሯጭ፦ ለድሬዳዋ የሶፍትቦል ዳኞች የተዘጋጀ ዳሰሳ

ከቤዝቦል ጋር በሚመሳሰለው የዱላና የኳስ ጨዋታ፣ በሶፍትቦል፣ ሯጭ ቤዞቹን (በሜዳው ማዕዘኖች ያሉትን ማረፊያዎች) በተራ መርገጥ አለበት። አንዱን ሳይረግጥ ቢያልፍስ? የድሬ ተመልካች መልሱን ከእግር ኳስ ይጠብቃል፦ ዳኛው አየ፣ ፊሽካ ነፋ፣ አለቀ። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን የምድብ ጨዋታዎች ያስተናገደች ከተማ ናትና ይህን ለድሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ሶፍትቦል ላይ ግን ዳኛው ጥፋቱን በዓይኑ አይቶ ዝም ይላል።

ዝምታው ራሱ ሕግ ነው። ተከላካዩ ቡድን ይግባኝ እስኪል ድረስ ሯጩ ቤዙን እንደረገጠ ይቆጠራል። ዳኛው ፊቱን ቢያጨማድድ እንኳ ለአንዱ ወገን ጠቆመ ማለት ነው። ከዳር ሆኖ “አቦ፣ አላየህም እንዴ!” ብሎ የሚጮህ ተመልካች ይግባኝ አላቀረበም።

ይግባኙ መንገዱ ሁለት ነው። ኳሷ በጨዋታ ላይ ሳለች ተከላካይ ኳሷን ይዞ ያልተረገጠውን ቤዝ ይነካል፣ ወይም ሯጩን በኳሷ ይነካዋል። ጨዋታው ከቆመ ደግሞ ከውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች አንዱ “ያ ሯጭ ሁለተኛውን አልረገጠም” ብሎ ለዳኛው መናገሩ ይበቃል፤ ኳስ መያዝ የለበትም። ቀጣዩ ውርወራ ከተወረወረ ግን አለቀ፣ ይግባኝ የለም። ሯጩም ተመልሶ መርገጥ ይችላል። ከኋላው የነበረው ሯጭ ነጥብ ካስቆጠረ ወይም እሱ ራሱ ከሜዳ ከወጣ ግን አልፎበታል።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ነጥቡ ላይ ነው። ሁለት አውት አለ (ሁለት አጥቂዎች ከጨዋታ ወጥተዋል)፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ቆሟል እንበል። መቺው ርቆ የሚሄድ ኳስ መትቶ ሦስተኛ ቤዝ ደረሰ፤ ያኛውም ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ፣ ሆም፣ ገባ። መቺው የሳተው አንደኛውን ቤዝ ከሆነና ይግባኝ ከተባለ፣ ሦስተኛው አውት ይሆናል፤ ነጥቡም ይሰረዛል። የሳተው ሁለተኛውን ከሆነ ግን እሱ አውት ቢባልም ቀድሞ የገባው ነጥብ ይጸናል።

ሆም ላይ የሕግ መጻሕፍት አይስማሙም። ሯጩ ሆምን ሳይነካ አልፎ በኳስም ካልተነካ፣ ቤዝቦል ዳኛውን ምንም ምልክት አትስጥ ይለዋል። በሶፍትቦል ግን ጥቂት ጠብቆ “ሴፍ” (አውት አይደለም) እንዲል የሚያዝ አሠራር አለ። ለጀማሪ ዳኛ ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም፤ እጁን አጣጥፎ ቢቆም ጨዋታው ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው።



አንደኛ ቤዝ ላይ ነጭና ባለቀለም ጥንድ ቤዝ ከተነጠፈ፣ ኳስ ወደዚያ እየተወረወረ ሳለ መቺው መጀመሪያ የሚረግጠው ባለቀለሙን ነው። ነጩን ብቻ ረግጦ ካለፈና ሳይመለስ ይግባኝ ከተባለ፣ ቤዙን እንደሳተ ተቆጥሮ ይወጣል።