የኤአይ ሉዓላዊነት ምንድን ነው?

የሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶው ኤአይ፣ ሉዓላዊነት ማለት የውጭ አካል አገልግሎቱን ቢዘጋብን፣ ዋጋ ቢቆልልብን ወይም ኤአዩን የሚሠራውን ድርጅት ቢገዛው ሥራችን ሳይቆም መቀጠል መቻሉ ነው። ብዙ ሰው "ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቅና አክሲዮን ቆጥሮ ያበቃል። ዳታው፣ የሠለጠነው ሞዴል (ከዳታው ተምሮ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም) እና ሰርቨሩ በማን እጅ እንዳሉ ግን አይጠይቅም።

ጅማ ላይ የቡና በሽታ በስልክ ካሜራ የሚለይ መተግበሪያ ይሠራል እንበል። ኮዱ ብዙም ዋጋ የለውም፣ በነፃ ይገኛል። ውዱ ነገር መልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እንዳሉት ዓይነት ባለሙያዎች ፎቶ በፎቶ እያዩ የሚሰጡት ምልክት ነው፦ አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ ካለ ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ)፤ ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ካለ ዋግ (የቡና ቅጠል በሽታ)። ሥልጠናው ሲያልቅ ይህ ሁሉ እውቀት አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሞባይልኔት ቪ2 በተባለው ለስልክ በተሠራ ቀላል የሞዴል ዓይነት ከተሠራ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። በቴሌግራም ይላካል፤ ጉምሩክ አያየውም።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር እንዲቀመጥ ያዛል። የገበሬው ስምና ስልክ በዚህ ይሸፈናል። የቅጠሉ ፎቶ ብቻውን ግን የማንም የግል መረጃ ስላልሆነ የሚጠብቀው ውሉ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 በመደበኛው ከውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተቀናጀ 150,000 ዶላር ይጠይቃል። የሚገባውን ገንዘብ ይለካል እንጂ የሚወጣውን ፋይል አያይም። በአንጻሩ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ኤአይን ጨምሮ በተወሰኑ ዘርፎች ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ የሚገዛ አስቀድሞ መንግሥትን ማስፈቀድ አለበት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰኔ 2016 ያጸደቀው የእኛ የኤአይ ፖሊሲ አቅጣጫ ያሳያል፤ ፖሊሲ ስለሆነ ግን እንደ አዋጅ አያስገድድም።

በተግባር ነገሩ የሚበላሸው ከሽያጩ በፊት ነው። የክላውድ አካውንቱ (ዳታውና ሞዴሉ በኢንተርኔት የሚቀመጡበት የኪራይ ሰርቨር) በውጭ አጋሩ ኢሜይል ይከፈታል፣ ክፍያውም በእሱ የዶላር ካርድ ይሆናል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ካርዱ ይቆማል፤ አክሲዮኑ መቶ በመቶ የአገር ልጅ የሆነው ድርጅት ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ምልክት የተደረገባቸው ፎቶዎችና የሞዴሉ ፋይል የማን እንደሆኑ፣ ድርጅቱ ቢሸጥስ ምን እንደሚሆኑ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ቅጂያቸውም በየወሩ እዚሁ ባለ ዲስክ ላይ ይውረድ።

ቅጂው ኢንተርኔት ጠፍቶ በላፕቶፕ ይሞከር። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የበሽታዎቹ ስም ዝርዝር ያለበት ትንሽ ፋይል ነው፤ እሱ ከሌለ ሞዴሉ "2" ብሎ ይመልሳል፣ 2 ሲቢዲ ይሁን ዋግ የሚያውቅ የለም።