ስለ ኢንቨርተርና መልቲሜትር የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ መብራት ሲጠፋ ሱቁን በባትሪና በኢንቨርተር የሚያስኬድ ሰው ብዙ ነው። ስለ ኢንቨርተሩም ሆነ ቮልትና አምፔር ስለሚለካው መልቲሜትር የሚወራው ግን ሁሉም እውነት አይደለም። አንዳንዱ ገንዘብ ያከስራል፣ አንዳንዱ ሰው ይጎዳል።

“መልቲሜትሩ 173 ቮልት አለ፤ ኢንቨርተሩ ደክሟል።”

በዚህ ወሬ የተነሳ ስንት ጤነኛ ኢንቨርተር ያለ ጥፋቱ ይፈታል! ርካሽ መልቲሜትር ኤሲን (አቅጣጫው የሚቀያየረውን የሶኬት ኤሌክትሪክ) ሲለካ ሞገዱን በዳዮድ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ፣ ያቀናና አማካዩን ወስዶ በ1.11 ያባዛዋል። ይህ ስሌት ልክ የሚመጣው ሞገዱ እንደ መስመር መብራት ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ለስላሳ ሞገድ (ሳይን) ሲሆን ብቻ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር የሚሰጠው ደግሞ ደረጃ የሠራ ሞገድ ነው። ጥቂት 311 ቮልት ላይ ይቆያል፣ ዜሮ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ኔጌቲቭ 311 ይወርዳል። ግማሹን ጊዜ ዜሮ ላይ ካሳለፈ አማካዩ 155.5 ነው። በ1.11 አባዙት፤ 173 ገደማ ይመጣል። አምፖሉን የሚያሞቀው ትክክለኛው የቮልት መጠን፣ አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ ግን 220 ነው። ኢንቨርተሩ ምንም አልሆነም።

ጉዳቱ የሚመጣው “ደከመ” ብሎ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ሲገኝ ነው። መልቲሜትሩ 220 እስኪል ከፍ ካደረገው፣ ቴሌቪዥኑ የሚደርሰው 280 ቮልት ነው። ለኢንቨርተር ሥራ መልቲሜትር ስትገዙ ፊቱ ላይ “ትሩ አር ኤም ኤስ” የሚል መኖሩን እዩ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ያዋጣል።

“ኢንቨርተር መብራት ያመነጫል።”

የሚያመነጩት እንደ ጢስ ዓባይና በለስ ያሉት ናቸው፤ ውኃው ተርባይን ያዞራል። በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ኢንቨርተር የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) በትራንዚስተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ እያበራና እያጠፋ ወደ ኤሲ ይለውጣል እንጂ አንድ ዋት አይጨምርም። እንዲያውም ጥቂቱ በሙቀት መልክ ይባክናል። ከ12 ቮልት ባትሪ 1000 ዋት ለማውጣት 83 አምፔር ያስፈልጋል፤ ከመቶ አሥሩ ከባከነ ደግሞ 93 ይደርሳል። ለዚህ ነው የባትሪው ገመድ ወፍራም የሚሆነው። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ብክነቱን ሳንቆጥር 290 አምፔር ይፈልጋል። ምጣዱን ለመስመሩ ተዉለት።

“ባትሪው 13.5 ቮልት ስላሳየ ሞልቷል።”

ቻርጀር ላይ እያለ የሚታየው ቁጥር የቻርጀሩ ነው። ነቅላችሁ ለጥቂት ሰዓት አሳርፉትና ለኩት። የሞላ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 አካባቢ ያርፋል።

“አምፔርም እንደ ቮልት ሶኬት ላይ ሰክቶ ይለካል።”

በጭራሽ! አምፔር ላይ ያለ መልቲሜትር ውስጡ እንደ ሽቦ ነው። ሶኬት ውስጥ ስትሰኩት ሁለቱ የሶኬት ሽቦዎች፣ ፌዝና ኒውትራል፣ በቀጥታ ይገናኛሉ። ፊውዙ ከተቃጠለ ዕድለኛ ናችሁ፤ ፊውዝ የሌለው ግን እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አምፔር የሚለካው መልቲሜትሩ ከዕቃው ጋር በተከታታይ ገብቶ፣ ወደ ዕቃው የሚሄደው ኤሌክትሪክ በውስጡ ሲያልፍ ነው። ሽቦውን ከውጭ የሚቆነጥጥ ክላምፕ ሜትር ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ደህና ነው።

“ከሶኬት ከነቀልኩት አይዘኝም።”

ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃው ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ክፍል) ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቃሚው፣ 220ውን ኤሲ አቅንቶ እስከ 310 ቮልት ዲሲ ይይዛል። ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን የካፓሲተር እግሮች በጠመንጃ መፍቻ በቀጥታ ማገናኘት የለመዱ አሉ፤ ብልጭታው ዓይንም ዕቃም ይጎዳል። የያዘውን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር፣ ማለትም ፍሰቱን በሚገታ ዕቃ፣ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ከዚያ ለኩ፣ ግን መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ። ኤሲ ላይ ከሆነ ካፓሲተሩ ሙሉ እያለ ዜሮ ሊያሳያችሁ ይችላል።