ባሕሩ የት ሄደ? ብቻችሁን ዛንዚባር ከመሄዳችሁ በፊት

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገና ቡና አፌ ሳይገባ፣ ስልኬ ጮኸ። ዛንዚባር፣ ፓጄ የላክኋት ደንበኛዬ ናት። «አንቺ፣ ባሕሩ የለም» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት «የለም ነዋ! ትናንት ስገባ ነበር፣ አሁን አሸዋና ሣር ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይ ያሳየሽኝ ይሄ አይደለም» አለች። በደንብ አልተናገረችውም እንጂ «አጭበረበርሽኝ» እያለችኝ ነው። ሰዓቴን አየሁ፣ ጠዋት 4 ሰዓት። «ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ውጪ፣ ተመልሶ ታገኝዋለሽ» አልኳት። ይሄን ስትሰማ የባሰ ተናደደች እንጂ አልተረጋጋችም።

ትኬትና የጉዞ ጥቅል ስሸጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ብቻዬን ደሴት ልሂድ የሚል ሰው ቢሮዬ ሲገባ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ይሄን እልካለሁ።

«ሆቴሌ ባሕሩ ዳር ከሆነ ባሕሩ እዚያው ነው»

አይደለም። እኛ ላንጋኖና ሐዋሳ ያሳደጉን ሰዎች ነን። ሐይቅ ጨዋ ነው፤ ጠዋት የተውከው ቦታ ማታ ታገኘዋለህ። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም፣ ይሞላል፣ ይጎድላል። ባሕረ ሐሳብ አለን፣ ባሕር ግን የለንም፤ ጨረቃ ጾምና በዓል ከማስላት ያለፈ ሥራ እንዳላት ማን ነገረን?

«እኔ ምጽዋ ዋኝቻለሁ፣ ባሕር አታስተምሪኝ» የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። ጅዳ የኖሩ እህቶችም እንደዚሁ። እሱ ቀይ ባሕር ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ሙላቱም ጉድለቱም ትንሽ ነው፣ ጅዳ አካባቢማ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ። ዛንዚባር ፊቷ ለሕንድ ውቅያኖስ የተሰጠ ነው። እዚያ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ከፍታ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል። 3 ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። ግን የደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ እነ ፓጄ፣ ብዌጁና ጃምቢያኒ ያሉበት፣ እንደ ሜዳ የተዘረጋ ነው። ውኃው ቁልቁል ትንሽ ሲወርድ ወደ ጎን በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል፣ አንዳንድ ቀን ኪሎ ሜትር ድረስ። ደንበኛዬ የሄደችው ጨረቃዋ ሙሉ በሆነች ሳምንት ነው። እንግዲህ ቁጠሩት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ውኃው ለስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል። ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ባዶ የነበረው ዳርቻ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ታዩታላችሁ። ሲጎድል «ኩፕዋ»፣ ሲሞላ «ኩጃ» ይሉታል በስዋሂሊ፤ የሆቴሉን ጥበቃ ብትጠይቁት ከማንኛውም አፕ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ሰሜኑ ላይ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ዳርቻቸው ቶሎ ስለሚጠልቅ አብዛኛውን ቀን ይዋኝባቸዋል። ታዲያ «ለምን ፓጄ ላክሽኝ?» ትሉኝ ይሆናል። ርካሽ ስለሆነ፣ ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ ብቻውን የመጣ ሰው ብቸኝነት የማይሰማው ስለሆነ፣ ደግሞም እናንተው ኢንስታግራም ላይ አይታችሁ ፓጄ ስላላችሁኝ! ውኃው ሲሸሽ የሚታየውም ቀላል አይደለም። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጥተው በእንጨት መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያለማሉ፤ ከ1980ዎቹ (በፈረንጅ) መጨረሻ ጀምሮ የያዙት ሥራ ነው። ለእነሱ ያ «ባዶ» ያላችሁት ቦታ እርሻ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ገመዱንም አትርገጡ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጃምቢያኒ ላይ ውኃው ሲርቅ ተከትዬው ሄድኩ። ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ውኃ፣ ኮከብ ዓሣ፣ ትንንሽ ሸርጣን፣ እኔም እንደ ሕፃን ጎንበስ ቀና። ጀርባዬን ለመሬት ሰጥቼ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። አንዲት አረም የምትሰበስብ ሴትዮ «ዳዳ! ማጂ ያናኩጃ!» ብላ ጮኸች። እህቴ፣ ውኃው እየመጣ ነው ማለቷ እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ፤ ያኔ ሰላም ያለችኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። ዞር ስል በእኔና በዳርቻው መካከል ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ሞልቷል። ውኃ ከፊት ብቻ አይመጣም፣ በጎድጓዳው በኩል ዞሮ ከኋላ ይገባል። ወገቤ ድረስ ገብቼ፣ ስልኬን ጭንቅላቴ ላይ ይዤ፣ የባሕር ጃርት እግሬን ወግቶኝ ወጣሁ። እሾሁ እግሬ ውስጥ ተሰብሮ ስለቀረ ሦስት ቀን አነከስኩ። ከሰው ጋር ብሆን አንዱ ዞር ብሎ ያይ ነበር። ብቻውን የሚሄድ ሰው ዞሮ የሚያይለት የለውም፣ ራሱ መዞር አለበት።

ስለዚህ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሳምንት የሙላትና የጉድለት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ እዩ፣ በነፃ ነው። ጎማ ጫማ ያዙ፣ ነጠላ ጫማ አይደለም፣ እግር የሚሸፍነውን። ውኃውን ተከትላችሁ ከሄዳችሁ መጉደሉ ሳያበቃ መመለስ ጀምሩ። የሆቴል ፎቶ ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር ዕወቁ፤ ሁሉም የተነሣው ውኃው ሲሞላ ነው። እኔም የማሳያችሁ እሱን ነው፣ ምን ላድርግ።

«ጨው ስለሆነ ራሱ ያንሳፍፋል»

ይሄ ሰው የሚገድል ወሬ ነው። ራሱ የሚያንሳፍፈው ሙት ባሕር ነው፣ ጂቡቲ ያለው አሳል ሐይቅም እንደዚያው። ሙት ባሕር በሊትር 340 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ውቅያኖስ 35 ገደማ ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት! ኢየሩሳሌም ተሳልማ ሙት ባሕር ላይ ጋዜጣ ይዛ ፎቶ የተነሣች አክስት ስላላችሁ ሕንድ ውቅያኖስ ይሸከማችኋል ማለት አይደለም። ዋና የማትችሉ ከሆነ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት አድርጉ፣ ባለ ጀልባው ቢስቅም። ዶልፊን ለማየት ሁሉም ሲዘል አብረው የሚዘሉ አሉ፣ አትዝለሉ።

«ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ለፋሲካ ልሂድ»

ተገላቢጦሽ! የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነፋሻና ደስ የሚል ነው፤ ጥርና የካቲትም ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ ግን ይብሳል። ትልቁ ዝናባቸው «ማሲካ» የሚሉት ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ማለትም የእኛ ፋሲካ በሚውልበት ጊዜ። በየዓመቱ ሁለት ወር ጾሞ፣ ፈቃድ አስሞልቶ፣ ማሲካ ውስጥ ልሂድ የሚለኝ አይጠፋም። አንዳንድ ሆቴልማ በዚያ ወቅት ጭራሽ ይዘጋል። «ግን ርካሽ ነው» ይሉኛል። ለምን ርካሽ እንደሆነ እየነገርኳችሁ ነው።

«ሰዓት ከንጋት የምንቆጥረው እኛ ብቻ ነን»

ይሄ ያስቀኛል። ስዋሂሊም ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከንጋት ነው። «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ቃል በቃል ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ልክ የእኛው አንድ ሰዓት። የሰዓት ክልሉም አንድ ነው፣ የእጅ ሰዓታችሁን አትነኩም። አንዱ ደንበኛዬ ስዋሂሊ ትንሽ ለቃቅሟል፤ ባለ ጀልባው «ሳ ሞጃ» ሲለው ሞጃ አንድ መሆኑን አወቀ፣ ከዚያ አሰበ፣ ፈረንጅ በሚቆጥረው ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው አለ፣ ተኝቶ አረፈደና በሰባት ሰዓታችን ሄደ። ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ዝም ብሎ እንደ ጎንደሬ ቢያስብ ኖሮ ይደርስ ነበር። ችግሩ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ እነሱም እንደኛው ይቀይሩታል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ፀሐይዋን ጠቁሙ።

በአጭር በአጭሩ ደግሞ፦

«ዛንዚባር የራሷ አገር ናት።» ከ1964 (በፈረንጅ) ጀምሮ ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ሆናለች፤ የራሷ ፕሬዚዳንት ግን አላት። ደሴቷም አንድ አይደለችም፣ እናንተ የምትሄዱባት ኡንጉጃ ናት።

«ኬንያ ያለ ቪዛ ገብቻለሁ፣ ታንዛኒያም ያው ነው።» ያው አይደለም፣ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። አሜሪካዊ ፓስፖርት ያለው የአጎታችሁ ልጅ ስላደረገው አታውሩኝ።

«ብር ይዤ እዚያ እመነዝራለሁ።» አትመነዝሩም። ዶላር በባንክ፣ በትኬታችሁና በቪዛችሁ አውጡ፣ አሮጌ ኖት አትቀበሉ፣ እዚያ ይመልሱባችኋል።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም።» ከምድር ወገብ በታች 6 ዲግሪ ላይ ጀርባዬ ተልጧል፣ ማሳየት እችላለሁ። ሰንስክሪን ግዙ።

«ወባ ጠፍቷል።» በጣም ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፣ እናንተ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጆች ናችሁ፣ ትንኝ አታውቁም።

«ብቻ መሄድ ይረክሳል።» አይረክስም፣ ይወደዳል። ክፍሉን ለሁለት አትካፈሉትም፣ ከአየር ማረፊያ ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የታክሲውን ሙሉ ሒሳብ ለብቻችሁ ትከፍላላችሁ። ከሆስቴል ሰዎች ጋር ተጋሩ፣ ወይ እንደ አገሬው ዳላዳላ ያዙ፤ የእኛን ሚኒባስ ተጋፍቶ ለተሳፈረ አዲስ ነገር የለውም።

ሴቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፤ «ብቻዋን ሴት አታምርም፣ ምን ይሉኛል?» እዚያ ማንም ምንም አይልሽም። የሚጠይቅሽ እዚሁ ነው፣ እናትሽ፣ «ከማን ጋር?» ብላ። እኔንም እናቴ ለስድስተኛ ጊዜ ስሄድ «ማን ነው እሱ?» ብላኛለች። ግን ምንም አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም። «ፓፓሲ» የሚባሉ ልጆች ይከተሉሻል፤ መዥገር ማለት ነው፣ ስማቸውን ያወጣላቸው አገሩ ራሱ ነው። ጉዞ ልሽጥልሽ፣ ቅመም ላሳይሽ፣ ጓደኛ ልሁንሽ ይላሉ። ፈገግ ብለሽ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) በዪና ሂጂ፣ ቆመሽ ምክንያት አትደርድሪ፤ እኛ ይሉኝታ አለብን፣ ይሉኝታችንን ያውቁታል። ሲመሽ ባሕሩ ዳር ብቻሽን አትሂጂ። ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፍኚ፣ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ዋና ልብስ ለባሕሩ ነው። ይሄንን ሐረር ወይ ጂማ ያደገች ልጅ አይነገራትም።

ወረቀት ላይ ሁለት ነገር። ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ የዛንዚባር የራሱ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ 44 ዶላር፤ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ አትከራከሩ። ሁለተኛው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከወሰዳችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። በዋዜማው ተወግቶ የመጣ አለ፣ ክትባቱንም ካርዱንም ጭራሽ ያልሰማ አለ፣ ካርዱን ደግሞ እንዳይጠፋ ብሎ በጥንቃቄ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የከተተ አለ። ሻንጣው የሚወጣው ካርዱን ከሚጠይቁት ሰዎች ኋላ ነው።